የብራና ክታብ

የብራና ክታብ ረጅምና ጠባብ በሆነ የፍየል ወይም የበግ ብራና ላይ ጸሎት፣ አስማትና ጠልሰም ተጽፎበትና ተሥሎበት፣ ተጠቅልሎ የሚያዝ ጽሑፍ ነው። የሚዘጋጀው በስም ለሚጠቀስ አንድ ሰው ጤናና ጥበቃ ነው። በኢትዮጵያ ሰሜናዊና መካከለኛ ደጋማ ክፍሎች፣ በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎ፣ በትግራይና በሸዋ ይታወቃል። እስከ ዛሬ የተረፉት አብዛኞቹ ከ18ኛው እስከ 20ኛው መቶ ዘመን የተጻፉ ናቸው፤ ከዚያ የቀደሙት ጥቂት ናቸው።

ይህ መጣጥፍ ስለ ክታብ ምንነት ካስረዳ በኋላ በተለይ የሚመለከተው ክታቦች እንዴት እንደተሰበሰቡና እንዴት መያዝ እንዳለባቸው ነው። ምሳሌውም በአብዛኛው የጣና ሐይቅ ዙሪያና ደቡብ ጎንደር ነው። የፎገራ ሜዳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያቋርጡት ለጥ ያለ መሬት ሲሆን፣ ዋና ከተማው ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ የሚሄደው መንገድ ከሚገነጠልበት ቦታ ይገኛል። አካባቢው በቤተ ክህነት ትምህርት አገር የተከበበ ነው። በስተምሥራቅ በጋይንት የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሆነችው ዙር አባ አሉ። በስተምዕራብ የጣና ገዳማት፣ በስተሰሜን ደግሞ ጎንደር ይገኛሉ። ክታብ የሚጽፉት ደብተሮች የወጡት ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ጉባኤ ቤቶች ስለሆነ፣ የክታብን ታሪክ ከትምህርት ቤቶቹ ታሪክ ለይቶ ማየት አይቻልም።

ስያሜ

ክታብ የሚለው ቃል «ከተበ»፣ ማለትም «ጻፈ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው «ክትባት» ከዚሁ ሥር መውጣቱ ብዙ ጊዜ ልብ አይባልም። በዕለት ተዕለት ንግግር ክታብ ሲባል በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ትንሽ ነገርም ያመለክታል፤ እዚህ የሚነገረው ግን ስለ ጥቅሉ ብራና ነው። «አስማት» በግእዝ «ስሞች» ማለት ነው፤ በክታብ ውስጥም ኃይል አላቸው ተብለው የሚደረደሩትን የምሥጢር ስሞች ይመለከታል። «ጠልሰም» ደግሞ በጽሑፉ መካከል የሚገባው ሥዕል ነው። በአውሮፓ ቋንቋዎች በተጻፉ የሙዚየም መዝገቦች ክታብ «የአስማት ጥቅልል» ወይም «የፈውስ ጥቅልል» እየተባለ ይመዘገባል። ሁለተኛው ስያሜ ባለቤቶቹ ለነገሩ ከሚሰጡት ትርጉም ይበልጥ ይቀርባል።

አሠራር

በልማዱ መሠረት የክታቡ ርዝመት የባለቤቱን ቁመት ያህል እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ፀጉር እንዲጠብቅ ነው። አንድ ቆዳ ለዚህ ስለማይበቃ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ብራና በቀጭን ጠፍር እየተጠለፈ ይቀጠላል። እንደታዘዘለት ሰው ሁኔታ የሚታረደው በግ ወይም ፍየል ቀለም ይመረጥ ነበር። ሥጋው ይበላል፣ ቆዳው ወደ ብራና ሥራ ይሄዳል።

የብራናው ሥራ ከመጽሐፍ ብራና ሥራ አይለይም። ቆዳው ለቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጠራል፣ የሥጋው ወገን ይፋቃል፣ ፀጉሩ ይላጫል፣ ከደረቀ በኋላም በድንጋይ ይለሰልሳል። ጥቁሩ ቀለም በዋናነት ከጥላሸት ይዘጋጃል፤ የተቃጠለ እህልና ቅጠላ ቅጠል ይጨመርበታል። ቀዩ ቀለም ለጸሎት መክፈቻ፣ ለቅዱሳን ስሞችና ብዙ ጊዜ ለባለቤቱ ስም ይውላል። ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። ጥላሸት ቀለም ወደ ብራናው ውስጥ ሳይሰርግ ላዩ ላይ የሚያርፍ መሆኑ ኋላ ስለ አያያዝ ሲነሳ ትልቅ ቦታ ይኖረዋል።

የተጠናቀቀው ክታብ ይጠቀለልና በቆዳ ማኅደር ይሰፋል፤ ወይም በክር ታስሮ ከአልጋ አጠገብ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በሽተኛው ሲብስበት ተዘርግቶ እንዲያየው ይደረጋል። በማኅደር የተሰፋው በአንገት ወይም በክንድ ላይ ይውላል።

ጽሑፉና ሥዕሉ

ጽሑፉ በግእዝ ነው፤ አልፎ አልፎ የአማርኛ ቃላት ይገቡበታል። በብዛት ከሚገኙት ጸሎቶች አንዱ የቅዱስ ሱስንዮስ ነው። በታሪኩ ውርዝልያ የተባለችው ሕፃናትን የምትገድል ሴት የሱስንዮስን ልጅ ትገድላለች፤ እርሱም በፈረስ ተከታትሎ በጦር ይወጋታል። ስለዚህ በፈረስ የተቀመጠ ጦረኛ ሥዕል ያለበት ክታብ ብዙ ጊዜ ፅንስ ለሚወርድባት ወይም ልጅ ለማይበረክትላት እናት የተጻፈ ነው። በአካባቢው «ሾተላይ» የሚባለው ጭንቀት ይህ ነው። ሌላው የተስፋፋ ጽሑፍ መርበብተ ሰሎሞን ሲሆን፣ ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን ዓሣ አጥማጅ ዓሣን በመረብ እንደሚይዝ ያዛቸው ዘንድ የተሰጠውን ኃይል ይተርካል። ልፋፈ ጽድቅ ደግሞ ለሟች የሚሆን ጽሑፍ ነው፤ ከአስከሬን ጋር ይቀበር የነበረው በመሬት ውስጥ ስለሚበሰብስ የተረፈው ከተጻፈው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ክታቦች የሚጠሯቸው ጠላቶች ዝርዝር የዘመኑ የሕመም መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። ባርያ፣ ሌጌዎን፣ ዓይነ ጥላ፣ ቡዳ፣ ዛር፣ የራስ ምታት፣ የጎን ውጋት፣ ንዳድ ይቆጠራሉ። በጣና ዙሪያ ቆላማ ሜዳዎች ንዳድ፣ ማለትም ወባ፣ የተለየ ክብደት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳመመና 150,000 ያህል እንደገደለ ተገምቷል። ሐኪም ቤት በሌለበት፣ መድኃኒት በማይደርስበት አገር የአንዲት እናት መጠጊያ ጠበልና ክታብ ነበሩ። ክታብ ወባን አይፈውስም፤ ነገር ግን ሰዎች ለምን በግ አርደው፣ ለደብተራ ከፍለው አንድ ጥቅል ብራና እንደያዙ ለመረዳት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሥዕሎቹ በአንድ ክታብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ያህል ናቸው፤ በመጀመሪያ፣ በመካከልና በመጨረሻ ይገባሉ። ሰይፍ የያዙ መላእክት፣ መስቀሎች፣ የተጠላለፉ ሐረጎች፣ ስምንት ጫፍ ባለው ኮከብ መካከል የተሣለ ፊት ይታይባቸዋል። ከሁሉ የሚበዛው ዓይን ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲየ ከደብተሮች ጋር ለዓመታት ሠርቶ እንዳስረዳው፣ ሥዕሉ ለጌጥ የተሣለ አይደለም። በሽተኛው ሲያየው በውስጡ ያለው መንፈስ በበሽተኛው ዓይን ጠልሰሙን ያይና ደንግጦ ይሸሻል ተብሎ ይታመናል። መርሲየ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመው መጽሐፍና በኒው ዮርክ የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም የቀረበው ዐውደ ርእይ እነዚህን ሥዕሎች ለሰፊው ዓለም አስተዋውቀዋል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አስማትን ታወግዛለች። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጠንቋዮችና በአስማተኞች ላይ ያካሄደው ዘመቻ የታወቀ ነው። ክታቡ ግን ከቅዱሳን ስሞችና ከወንጌል ቃል ጋር ተሸምኖ ስለሚጻፍ፣ ባለቤቱ አንዱን ከሌላው ለይቶ አያየውም ነበር። ቀን በማኅሌት የሚቆመው ደብተራ ማታ ክታብ ሲጽፍ መታየቱም ለመንደሩ እንግዳ ነገር አልነበረም።

የባለቤቱ ስም

በክታብ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል በጣም ትንሹ ነው፤ እሱም ስሙ ነው። በየጸሎቱ መጨረሻ «ይህን አገልጋይህን ጠብቅ» በሚል ዓይነት ልመና ላይ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል። ወለተ ሥላሴ፣ ገብረ መድኅን፣ ወልደ ገብርኤል የመሳሰሉት ናቸው። ስሙ በአንድ ክታብ ውስጥ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ሊደገም ይችላል። የክርስትና ስም ከቤት ስም የተለየና ብዙ ጊዜ ለባዕድ የማይነገር ስለሆነ ክታቡ በራሱ ምሥጢር ነው።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ክታቡን አስቀድመው ጽፈው የስሙን ቦታ ባዶ ይተዉ ነበር። ገዢ ሲመጣ ስሙ ይሞላል። ስለዚህ በብዙ ክታቦች ላይ ስሙ ከቀሪው ጽሑፍ የተለየ እጅና የተለየ ቀለም አለው፤ ጠባብ ቦታ ውስጥ ተጨናንቆ ወይም ሰፊ ቦታ ላይ ተንጠራርቶ ይታያል። ክታቡ በውርስ ወይም በሽያጭ ሲተላለፍ የቀድሞው ስም በቢላ ይፋቅና አዲሱ በላዩ ይጻፋል። ሁለትና ሦስት ጊዜ የተፋቀበት ብራና በዚያ ቦታ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ይበሳል። ለገዢ ይህ ጉድለት ይመስላል። ለተመራማሪ ግን ከጠልሰሙ ይልቅ ውድ ነው፤ አንድ ብራና ከእናት ወደ ልጅ፣ ወይም ከወንድ ወደ ሴት ማለፉን የሚናገረው ይህ ፍቅታ ብቻ ነው።

ዐውደ ነገሥትና የታሮት ካርታ

ከክታብ ጋር በአንድ ደብተራ እጅ የሚገኝ ሌላ መጽሐፍ ዐውደ ነገሥት ነው። ክታብ ሲጠብቅ ዐውደ ነገሥት ይጠይቃል። የጠያቂው ስምና የእናቱ ስም ፊደላት በተሰጣቸው ቁጥር ይደመራሉ፣ ድምሩ በ12 ይገደፋል፣ የተረፈው ቁጥር ከዐሥራ ሁለቱ ከዋክብት አንዱን ያሳያል። እነሱም ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊና ሑት ናቸው። ስሞቹ ከዐረብኛ መምጣታቸው ዕውቀቱ የሄደበትን መንገድ ይጠቁማል። በኮከቡ መሠረት ሕመሙ፣ ጋብቻው፣ መንገዱ ይታያል፤ የሚያስፈልገው ክታብም ይታዘዛል። የዐውደ ነገሥት የታተሙ ቅጂዎች በአዲስ አበባና በየክፍለ ሀገሩ የመጽሐፍ መደብሮች ሲሸጡ ኖረዋል።

የውጭ አንባቢ ዐውደ ነገሥትንና ክታብን ከታሮት ካርታ ጋር ማወዳደሩ የተለመደ ነው። ታሮት በ15ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ጣሊያን ለጨዋታ የተጀመረ ባለ 78 ካርታ ሲሆን፣ ለጥንቆላ መዋል የጀመረው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰብሳቢዎች አሉት። ሁለቱም በሥዕል የሰውን ዕጣ ይመለከታሉ የሚለው እውነት ነው፤ በስብስብ በኩል ግን ተቃራኒ ናቸው። የታሮት ሰብሳቢ የሚፈልገው ያልጎደለ፣ ያልተነካ፣ ከነካርቶኑ ያለ የታተመ ካርታ ነው፤ ተመሳሳዩ ሺህ ቦታ አለ። ክታብ ግን ለአንድ ሰው በቁመቱና በስሙ የተሠራ አንድ ዕቃ ነው። ጥላሸቱ፣ የላብ እድፉና የተፋቀው ስም የዕቃው አካል ናቸው። የታሮትን ደንብ ይዞ ክታብ የሚሰበስብ ሰው ንጹሑን መርጦ የሚናገረውን ይጥላል።

የአሰባሰብ ታሪክ

የኢትዮጵያ ብራና ወደ አውሮፓ መሄድ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ ብዙ መጻሕፍት ይዞ ተመልሷል። በ19ኛው መቶ ዘመን አንትዋን ዳባዲ ከ200 በላይ ጽሑፎችን ሰብስቦ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የእንግሊዝ ጦር ከወሰዳቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ በብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀምጠዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ካከማቹት መጻሕፍት ብዙዎቹ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ነበሩ። እነዚህ ሰብሳቢዎች ዋና ፍላጎታቸው መጽሐፍ ነበር፤ ክታብ የመጣላቸው በጎን ነው።

ክታብን በዓላማ የሰበሰበው የዳካር–ጅቡቲ ተልእኮ ነው። በማርሴል ግርዮል የተመራው ይህ የፈረንሳይ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1932 አጋማሽ በመተማ በኩል ገብቶ ወራትን በጎንደር አሳለፈ። ግርዮል ከዚያ በፊት በጎጃም ሠርቶ የአንድ ደብተራ የመድኃኒትና የአስማት መጽሐፍ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1930 አሳትሞ ነበር። ቡድኑ በጎንደር ብራና፣ ክታብና የቤት ዕቃ ገዛ። የአባ እንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎችም በቅጂ ተክቶ ወደ ፓሪስ ወሰደ። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1934 ያሳተመው የጉዞ ማስታወሻ ዕቃዎቹ በምን ዓይነት ግፊት እንደተገዙ በግልጽ ስለሚናገር፣ ዛሬ ስለ ሙዚየሞች አመሠራረት ክርክር ሲነሳ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል።

ከቡድኑ አባላት መካከል ለክታብ ጥናት ከሁሉ የላቀ ሥራ የሠራችው ዲቦራ ሊፍሺትዝ ናት። ግእዝና አማርኛ የምታውቅ፣ በትውልድ የሩሲያ ግዛት አይሁዳዊት የነበረች ይህች ምሁር በጎንደር የተሰበሰቡትን የጸሎትና የአስማት ጽሑፎች አንብባ፣ ተርጉማ እ.ኤ.አ. በ1940 በመጽሐፍ አወጣች። በሁለተኛው ዓመት ተይዛ በአውሽቪትዝ ተገደለች። በኋላ ስቴፋን ስትሬልሲን የግርዮልን ስብስብ ካታሎግ አዘጋጅቶ ሥራውን ቀጠለ። ጽሑፎቹ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ የባህል ዕቃዎቹ ደግሞ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ።

በአሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ፣ በእንግሊዝ የዌልካም ስብስብ ብዙ ክታቦችን ይዘዋል። በአገር ውስጥ ዋናው ስብስብ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲሆን፣ ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 በሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያ ዳይሬክተርነት ተመሠረተ።

ዕቃውን ሳይወስዱ ምስሉን ብቻ መሰብሰብ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 በጣና ደሴቶች ያሉ ብራናዎችን በማይክሮፊልም አነሳ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ያህል ጽሑፎችን መዘገበ፤ ካታሎጉን በማዘጋጀት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሰጡ። ይሁን እንጂ የፊልም ሥራው የሄደው ወደ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ነበር። ክታብ ደግሞ የሚኖረው በገበሬው ቤት፣ ምሰሶ ላይ ነው። ስለዚህ ክታብ ከሁሉ ይልቅ ሳይመዘገብ የቀረ የብራና ዓይነት ሆነ። ክፍተቱን በከፊል የሞላው በስቲቭ ደላማርተር የተመራው የኢትዮጵያ ብራናዎች ዲጂታል ፎቶ ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የመጀመሪያ ካታሎጉ ከ105 መጻሕፍት ጋር 134 ክታቦችን ይዘረዝራል። እነዚህም በአብዛኛው ከአገር ወጥተው በውጭ ሰዎች እጅ የነበሩ ናቸው። መዝገቡ የተቻለው ዕቃው ከሄደ በኋላ ነው ማለት ነው።

ገበያና ሕግ

ከ1960ዎቹ ወዲህ ክታብ በጎንደር፣ በላሊበላና በአዲስ አበባ ለቱሪስት የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል። ገበያው ሦስት ጉዳት አምጥቷል። የመጀመሪያው መቁረጥ ነው፤ ሻጩ ሥዕሉን ብቻ ቆርጦ በፍሬም ሲያደርገው ጽሑፉና ስሙ ይጣላሉ። ሁለተኛው ማስመሰል ነው። አዲስ ብራና ላይ ተሥሎ በጭስ ወይም በሻይ የጠቆረ ክታብ የተለመደ ነው፤ ሥዕሉ ይበዛል፣ ጽሑፉ ያንሳል፣ ፊደሉ ተደርድሮ ቃል አይሆንም፣ ስም አይገባበትም። እውነተኛው በብዛት የሚያረጀው ውጭ ባለው ጫፍ፣ በጠፍሩ መጋጠሚያና በእጅ በሚያዝበት በኩል ነው፤ ሐሰተኛው ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ጠቁሯል። ማስመሰል ሁሉ ማታለል አይደለም፤ ሠዓሊው ለጌጥ ብሎ ሠርቶ ለጌጥ ብሎ ከሸጠ ሐቀኛ የእጅ ሥራ ነው። ሦስተኛው ጉዳት የትውልድ ቦታ መጥፋት ነው። ከፎገራ፣ ከደራ ወይም ከሊቦ ከምከም የወጣ ክታብ ጎንደር ሱቅ ሲደርስ «የጎንደር»፣ ለንደን ሲደርስ «የኢትዮጵያ»፣ በኢንተርኔት ጨረታ ላይ «የአፍሪካ» ይሆናል።

በሕግ በኩል፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ባለይዞታ ቅርሱን እንዲያስመዘግብና እንዲጠብቅ ያዝዛል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። የጽሑፍ ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 179/1991 ደግሞ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሥልጣን ይሰጣል። ክታብ ትንሽና ቀላል፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፤ እንደ ታቦት ወይም እንደ ትልቅ ወንጌል በጉምሩክ ዓይን አይወድቅም።

አያያዝ

ብራና ቆዳ ነው። ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ሲደርቅ ይሰጣል፣ በዚህም ይሳባል፣ ይኮማተራል። በሙዚየም ደረጃ የሚመከረው አንጻራዊ እርጥበት ከ45 እስከ 60 በመቶ ባለው መካከል ሳይዋዥቅ እንዲቆይ ነው። ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ይጀምራል፤ በጣም ሲደርቅ ብራናው ይገግማል፣ ሲዘረጉት ቀለሙ ይረግፋል።

የፎገራ ሜዳ ከዚህ አንጻር ለብራና ክፉ ጎረቤት ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ያቁራል። ወረታን የሩዝ አገር ያደረጋትም፣ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በዚያ እንዲቋቋም ያስቻለውም ይኸው ውሃ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ቤተሰቦችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ልጁንና ከብቱን ያወጣል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጥቅል ብራና አይታሰብም። ከክረምቱ በኋላ ደግሞ የበጋው ፀሐይ የረጠበውን ብራና በድንገት ያደርቀዋል። አንድ ብራና በየዓመቱ ይህን መመላለስ ሲያስተናግድ ከአንድ ጎርፍ ይልቅ ይጎዳል።

የባላገሩ ዘዴ ፍጹም ባይሆንም ጥበብ የሌለበት አይደለም። ክታቡ ከወለል ርቆ ምሰሶ ወይም ግድግዳ ላይ መሰቀሉ ከውሃ፣ ከምስጥና ከአይጥ ይጠብቀዋል። የምድጃ ጭስ ብልን ያርቃል፤ ጉዳቱ ጥላሸቱ በብራናው ላይ መከመሩ ነው። ወፍራሙ የቆዳ ማኅደር ብርሃንን ይከለክላል፣ የእርጥበቱንም ለውጥ ያዘገያል። ስለዚህ በማኅደር የቆየ ክታብ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ደማቅ ሆኖ ይገኛል። ችግሩ ጠባብነቱ ነው፤ በጣም ጠብቆ የተጠቀለለ ብራና በኃይል ሲፈታ ይሰነጠቃል።

አንድ ክታብ በቤተሰብ፣ በትምህርት ቤት ወይም በወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እጅ ሲገባ የመጀመሪያው ሥራ ምንም አለማድረግ ነው። አይታጠብም፣ በእርጥብ ጨርቅ አይጠረግም፤ የጥላሸት ቀለም ላዩ ላይ ብቻ ስላለ ውሃ ጽሑፉን ይዞት ይሄዳል። በካውያ አይተኮስም፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ያረጀ ብራና እርጥብ ሆኖ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ ባልራቀ ሙቀት እንኳ ሊኮማተር ይችላል፣ የተኮማተረውም አይመለስም። በፕላስቲክ አይታሸግም፣ በማጣበቂያ ፕላስተር አይጠገንም፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ቀለሙን ይነቅላል። የላላ አቧራ በለስላሳ ብሩሽ፣ ፊደል በሌለበት ቦታ ብቻ ይነሳል። እጅ ታጥቦና ደርቆ ይያዛል። ብሩሹ ላይ ጥቁር ወይም ቀይ ብናኝ ከታየ ሥራው ይቆማል።

ለማስቀመጥ ክታቡ ከቀድሞው ላላ ብሎ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት በተሸፈነ ወፍራም ጥቅል ካርቶን ላይ ይጠቀለላል። እንዲህ ያለ ወረቀት ከሌለ ታጥቦ የደረቀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። የቆዳ ማኅደሩ፣ ክሩና ጠፍሩ አይጣሉም፤ ለብቻቸው ተጠቅልለው በአንድ ሣጥን፣ ከክታቡ ጎን ይቀመጣሉ። ሣጥኑ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከውጭው ግድግዳ ርቆ ይሁን፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ስለዚህ አይመረጥም። ለእይታ ሲቀርብ ብርሃኑ ከ50 ሉክስ ባይበልጥ፣ ጊዜውም ለወራት ብቻ ቢሆን ይመረጣል። ቀጥ አድርጎ በፍሬም መስቀል ሙሉ ክብደቱን በአሮጌው ጠፍር ስፌት ላይ ይጥላል።

ምዝገባ

የእጅ ስልክ ካሜራ ዛሬ ለምዝገባ በቂ ነው። ክታቡ ክፍል በክፍል፣ ከፊትም ከጀርባም፣ አጠገቡ መለኪያ ተቀምጦ ይነሳል። የተፋቀ ስም ካለ ብርሃን ከጎን ዝቅ ብሎ እንዲወርድ ሲደረግ የቢላው ፋቂና የፊደሉ ቅሪት ይታያል። ከምስሉ ጋር ርዝመቱና ስፋቱ፣ የቁራጮቹ ቁጥር፣ የጸሎቶቹ ርእስ፣ የሥዕሎቹ ዓይነት፣ በስሙ ቦታ የገባው ስም ወይም ስሞች፣ ክታቡ የተገኘበት ቀበሌና ጎጥ፣ የያዘው ቤተሰብ ማን ጻፈው፣ ለማን ተጻፈ፣ ለምን ሕመም ተጻፈ ብሎ የሚናገረው ይጻፋል። የመጨረሻው መስመር ከሁሉ የሚጠፋው ነው፤ ብራናው ሁለት መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ የአያት ትዝታ ግን ከአያት ጋር ያልፋል። የሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክት የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎችን መዝገብ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት አድርጓል፤ የአገር ውስጥ መዝጋቢም የእሱን የአገላለጽ ሥርዓት ቢከተል መረጃው በቀላሉ ሊመሳከር ይችላል።

ምስሉን በይፋ ማውጣት ሌላ ጉዳይ ነው። ክታቡ የተጻፈለት ሰው ወይም ልጆቹ በሕይወት ካሉ፣ ያ ስም በጸሎት ውስጥ የገባ የክርስትና ስም እንጂ ለአደባባይ የተሰጠ አይደለም፤ አጠገቡም የሕመሙ ዓይነት ተጽፏል። ስለዚህ ሙሉው ምስል በመዝገብ ተቀምጦ ለሕዝብ በሚወጣው ቅጂ ላይ ስሙ እንዲሸፈን ማድረግ፣ ባለቤቱም ሲጠይቅ ክታቡን ለሕመሙ ቀን ወደ ቤቱ መመለስ አስቀድሞ ሊስማሙበት የሚገባ ነው። አንዳንድ ባለቤቶች ክታባቸው እንዲነሳ ይፈቅዱና እንዲነበብ አይፈቅዱም። ለእነሱ የሚነሳው ፎቶ የጥቅሉ፣ የማኅደሩና የክሩ ብቻ ይሆናል፤ መዝገቡም «አልተከፈተም» ብሎ ይጽፋል።